ሳሊሀ ያዘገየችው መርዶ

የእድሩ አዳራሽ ቁልፍ ሳሊሀ ዘንድ ነው። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ በእሷ ኃላፊነት ነው፤ አንዲት ጭልፋ ብትጠፋ ሰፈሩን ታምሰዋለች። እሪ በከንቱ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ልጆቿን አሳድጋለች። አባቷ ከወሎ መጥተው ጊዮርጊስ አካባቢ ክርና አዝራር ይሸጡ ነበር፤ ሥራውን እሷ ወረሰችው። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቋም አብሮ ስለተነሳ አሁን አምስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቦታ ተከራይታ ትሸጣለች። ደንበኞቿ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፣ ጠያይቀው አገኟት። በዚህ በኩል ሕይወቷ የብዙ ሰው ሕይወት ነው፣ ይህን ያህል የሚወራ የለውም።

የሚወራው ሌላ ነው። ሳሊሀ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪ ናት። እንዲህ የሚባል ሹመት የለም፣ ማንም ሰብሰብ ብሎ አልመረጣትም። ነገሩ የተጀመረው ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። የአንዲት ጎረቤታቸው ባል በመኪና አደጋ ሞተና ሽማግሌዎቹ ሊያረዷት ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ተሰበሰቡ። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ግን አንተ ተናገር፣ የለም አንተ ተናገር በሚል ዓይን እርስ በርስ ይተያያሉ። ሴትዮዋ የአንዱን ፊት አይታ ወደ ሌላው ስትዞር፣ ከኋላ የቆመችው ሳሊሀ አላስቻላትም፤ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣችና ነገረቻት። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ሴትዮዋ ደረቷን ልትደቃ ስትል እጆቿን ጥርቅም አድርጋ ያዘቻት። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ቀለል ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር የሳሊሀ በር ይንኳኳል። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራታል። ንጋት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ በጉልቱ በኩል ስታልፍ ያያት ሰው ሁሉ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን ብሎ ባለበት ይቆማል።

አንድ ቀን ሁዳ መጣች። የአብዱረህማን ልጅ ናት፤ እዚሁ ሰፈር አፈር ፈጭታ ነው ያደገችው። ቤተሰቦቿ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከወጡ ቆይተዋል። ሳይኮሎጂ ተምራ ሥራ ይዛለች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና በየሰፈሩ በነጻ ትምህርት እንደሚሰጡ ነገረችና የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ጎይቶምን በወር አንድ እሁድ ከሰዓት አዳራሹን እንዲፈቅዱላት ለመነቻቸው።

«ስለ ምንድን ነው የምታስተምሪው?» አሏት።

«ስለ አእምሮ ጤና ነው ጋሼ።»

«ልጄ፣ በእኛ እድር ውስጥ እኮ እብድ የለም።»

«ለእብድ አይደለም። እንቅልፍ ለሚነሳው፣ ለሚጨነቅ፣ ሐዘን ለከበደው ሰው ነው።»

«እንደሱ ከሆነማ አዳራሹ አይበቃሽም» አሉና ፈቀዱ።

አዳራሹ ግን ተርፎ ነበር። የመጀመሪያው እሁድ የመጡት ጥቂት አሮጊቶች፣ ስለ ደም ግፊት መስሏቸው የሕክምና ካርዳቸውን በፌስታል የያዙ ሁለት ሰዎችና፣ አዳራሹን የምትከፍተውና የምትዘጋው ሳሊሀ ነበሩ። አንዱ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «መድኃኒቱስ የታለ? በነጻ ነው ተብሎ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሁዳ ሳቀች፣ አልተቆጣችም። ሳሊሀ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር የሰማችው፤ በሚቀጥለው ወር ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰፈሩ ውስጥ ሳሊሀ የእብድ ትምህርት ጀመረች ተብሎ ተወራ። እሷ ጆሮዋንም አልሰጠችው። ስለ እንቅልፍ በተወራበት እሁድ ሰው ጨመረ፣ ስለ ልጆችና ስለ ስልክ በተወራበት እሁድ ደግሞ ወንበር ጠፋ። ሳሊሀ ስለ ትምህርቱ ስትጠየቅ፣ «ወሬ ነው፣ ግን ደህና ወሬ ነው» ትል ነበር።

እንግዲህ ወደ አሰፋች እንምጣ።

አሰፋች ከሳሊሀ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤቷ ናት። የጉራጌ ልጅ ናት፤ ጊዮርጊስ ጀርባ ሻይ ቤት ነበራት። አባትና እናቷ በልጅነቷ ሞተው ታናሽ ወንድሟን መርሻን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ወንድሟም ልጇም እሱ ነበር። መርሻ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነና ጁባ ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልላታል። ያን ዕለት ድምጿ ግድግዳውን አልፎ ሳሊሀ ቤት ድረስ ይሰማል፤ በጉራጌኛ ትቆጣዋለች፣ በጉራጌኛ ትስቃለች። ሳሊሀ ቋንቋውን ባታውቀውም ደስ ይላት ነበር።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ዑዘይር የሚባል ሰው በሳሊሀ ስልክ ደወለ። የአሰፋች ስልክ ባትሪው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ስለነበር መርሻ የሳሊሀንም ቁጥር ለጓደኞቹ ሰጥቶ ኖሯል። ዑዘይር ጁባ አብሮት የሚሠራ ልጅ ነው። መርሻ በወባ ታሞ ሞተ አላት። በጥቂት ቀን ነው የጨረሰው፣ እዚያው ቀበርነው፣ ለእህቱ ንገሪልን አላት። ሳሊሀ እሺ አለች። ሥራዋ ነው፣ ታውቅበታለች።

ነገር ግን አሰፋች በዚያው ሳምንት የቀኝ ዓይኗን ሞራ ተገፍፋ፣ ዓይኗ ተሸፍኖ ቤት ገብታለች። ሐኪሙ ያላት አቧራ አይንካሽ፣ ዓይንሽን አትሺው፣ አትጎንበሺ ነው። ሰፈሩ ግን ይህን ሰምቶ «እንዳታለቅስ ተብላለች» ብሎ አወራው። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ጎይቶም ቤት ተሰበሰቡና ዓይኗ እስኪድን መርዶው ይቆይ ተባባሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህ ሲወሰን ሁሉም እፎይ ነው ያለው። ሳሊሀም እፎይ አለች።

ዓይኗ ዳነ። ያኔ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ፤ ሰው ሁሉ በጾም ደክሞ እንዴት ይነገራል ተባለ። ከዚያ ግራ ዓይኗን ለመገፈፍ ተራ ደረሳት፤ እንደገና እስኪድን ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሳሊሀ ልጅ የኢክራ ሠርግ ነበር፣ ከሠርጉ በኋላ ይነገራታል ተባለ። ማን እንዳለው ቢጠየቅ ማንም አላስታውስም ይላል። ሰዉ አሰፋችን መንገድ ላይ ሲያገኝ ከወትሮው አብዝቶ ይስማታል፣ ዓይኗን ግን አያያትም። እሷ ለበሽታዋ ያዘኑላት ነበር የሚመስላት።

ቅዳሜ ሲመጣ አሰፋች ትደውላለች። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትመልስላታለች። «የጁባ ኔትወርክ እኮ እንዲህ ነው» ይሏታል። መጀመሪያ አመነች። ኋላ ምግብ አልበላ አላት። አንድ ቅዳሜ ሳሊሀ ምሳ ይዛላት ብትሄድ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትኩስ የተገፈፈ ዓይኗን እያርገበገበች ተቀምጣለች። ምሳውን ዞር ብላም አላየችው። የሳሊሀ ሆድ ባባ። እዚያው ቆማ ሳለች ከአፏ ወጣ፦

«ትናንት እኮ በእኔ ስልክ ደውሎ ነበር። ተኝተሽ ነበርና አልቀሰቀስኩሽም። ሰላም በያት ብሏል።»

የአሰፋች ፊት በራ። «በልቷል? ድምፁ እንዴት ነው?» አለች።

«ደህና ነው» አለች ሳሊሀ።

አሰፋች ምሳዋን በላች። ሳሊሀ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ስትጋደም ደረቷ ላይ ጆንያ የተጫነባት ይመስላታል። ባሏ ዘይኑዲን ሐኪም ጋ እንሂድ ቢላት አሻፈረኝ አለች። ሁዳ ስለ እንቅልፍ ያስተማረችውን ሁሉ ሞከረችው፤ ስልክም ዘጋች፣ ለብ ባለ ውሃም ታጠበች። ምንም አልፈየደም። መድኃኒቱን ታውቀዋለች፣ መዋጡ ነው ያቃታት።

ሠርጉ ደመቀ። አሰፋች ሁለቱም ዓይኖቿ በርተውላት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ በጉራጌኛ ጨፈረች። እጇን እያጨበጨበች፣ እየዘለለች፣ ላብ በላብ ሆነች። ሙሽራዋን አንስታ ልትሸከማት ሁሉ ሞከረች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው የሰፈር ሰው መሬት መሬት እያየ አጨበጨበላት። ሳሊሀ ወደ ጓዳ ገባች፣ ዕቃ የምትፈልግ መስላ።

የግንቦቱ እሁድ ትምህርት ስለ ሐዘን ነበር። ሁዳ ወረቀት ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች። ሳሊሀ ይህን ስታይ አሰፋችን ለማስቀረት ሰበብ ስትፈልግ ሰነበተች፤ ቀኑ ሲደርስ ግን አሰፋች ራሷ አምሮባት መጣች። «ዓይኔ በርቶልኝ ቤት ልቀመጥበት? ሰው ልይበት እንጂ» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

ሁዳ ቀለል አድርጋ ነው የምታወራው። ሐዘን በሽታ እንዳልሆነ፣ ለቅሶ መውጫ እንደሚያስፈልገው፣ እኛ አገር ሰው ተሰብስቦ ማልቀሱ ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገረቻቸው። ሰው አንገቱን ነቀነቀ፤ ደስ አለው፣ ለካ እስከ ዛሬ ሳናውቅ ዐዋቂዎች ነን በሚል። ቀጥላ፣ ዘመድ ሞቶበት ዘግይቶ የተረዳ ሰው በመካከላችን አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

እንድሪስ ተነሳ፤ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ ነው። «እኔ ሐዋሳ ስማር እናቴ ሞተች» አለ። «ፈተና ላይ ስለነበርኩ አልነገሩኝም። ክረምት ላይ ቤት ስመጣ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ፈተናውን አልፌያለሁ። ግን እስከ ዛሬ አባቴ ደውሎ ሁሉም ደህና ነው ሲለኝ አላምነውም። አባቴን ነው የምላችሁ።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የሆነው ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አሰፋች ዞረና ወዲያው ተመለሰ። አሰፋች ደግሞ አሁን ጥርት አድርጋ ታያለች። ዙሪያዋን ተመለከተች። ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

«እኔ ሐዘን የለብኝም» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ወንድሜ ጁባ ነው። ስልኩ አይሠራም። ሰው ሁሉ ደህና ነው ይለኛል። እኔ ግን ሌሊት እባንናለሁ፣ ሳልፈልግ እንባዬ ይመጣል። ያለ ምንም ነገር እንዲህ መሆን ምን ይባላል የኔ ልጅ? በሽታ ነው?»

ሁዳ ከሰፈሩ የወጣች ናት፤ ምንም አታውቅም። «በሽታ አይደለም እማማ። የሚወዱት ሰው ድምፅ ሲጠፋ ልብ ይጨነቃል» አለቻት። «ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረው ሰው ማነው?»

«ሳሊሀ ናት። በእሷ ስልክ ደውሎ ሰላም በያት ብሏታል።»

ሁዳ ወደ ሳሊሀ ዞረች። «እትዬ ሳሊሀ፣ ደህና ነበር?»

ሳሊሀ፣ «ደህና ነበር» አለች። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው፤ ሰው ፊት ለአሰፋች የሞተውን ደህና ነው ያለችበትና ለሌላው ሰው ሞተ ስትልበት የኖረችው ድምፅ ያው አንድ ነው።

ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲወጣ ሳሊሀ ሁዳን ክንዷን ይዛ ድስቶቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል አስገባቻትና ሁሉንም ነገረቻት። ሁዳ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔም ሳላውቅ አብሬ ዋሸኋታ» አለች። «እትዬ ሳሊሀ፣ ስለ መርዶ ወግ እርስዎን ልመክር አልችልም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ግን ዛሬ በሰው ፊት ጠየቀች። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ዝም አላት። ሲነገራት መጀመሪያ ትዝ የሚላት ይኸው ነው። በቆየ ቁጥር ይብሳል።»

«ነገ በጠዋት ሰው ይዤ ልሂድ?»

«እስከ ጠዋት ሌላ ሰው ቢነግራትስ? አሁን ሲወጡ ምን ሲሉ ነበር?»

ሲሉ የነበረውን ሳሊሀ ሰምታለች። የሰፈሩ ሴቶች በሩ ላይ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ነበር። «እንግዲያው አሁኑኑ እሄዳለሁ» አለች።

ጋሽ ጎይቶም ከኋላ መጥተው ሰምተው ኖሯል። «ብቻሽን ሄደሽ?» አሉ። «በስንት ዘመን ሰው ብቻውን ሲረዳ አይተሻል? ልቧ ቀጥ ቢልስ? የሚይዛት ሰው የለ፣ ውሃ የሚያጠጣት የለ። ደግሞ የዓይን ቀጠሮዋ የፊታችን ሳምንት ነው፣ ሐኪሙ አይቷት...»

«ጋሽ ጎይቶም፣ ዓይኗ ድኗል» አለች ሳሊሀ። «ዛሬ ሁላችንንም አይታናለች። እርስዎ እዚሁ ይቆዩና ስጠራዎት ሰው ይዘው ይምጡ።»

አሰፋች ቤት ገብታ ጫማዋን አውልቃ ነበር። «የት ቀረሽ? ሻይ ልጣድ?» አለቻት። ሳሊሀ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። ስንት ቤት ገብታ ስንት ሰው አረዳች፣ የዚህን ያህል የራቃት ቤት ግን አልነበረም፤ ግድግዳ የምትጋራው ቤት ነው እንግዲህ።

«ሻዩ ይቆይ፣ ቁጭ በይ።»

አሰፋች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳሊሀ ፊት ለፊቷ በርጩማ ስባ ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት።

«አሰፋች፣ መርሻ ሞቷል።»

«የቱ መርሻ?»

«ወንድምሽ።»

አሰፋች አላለቀሰችም። «መቼ?» አለች።

«ጥር መጨረሻ ላይ። ወባ ነው። እዚያው ጁባ ተቀብሯል። የቀበረው ጓደኛው ነው የደወለልኝ።»

«አሁን ግንቦት ነው።»

«አዎ።»

«ሰላም በያት ያለውስ?»

«አላለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ምግብ እንድትበዪልኝ ብዬ ነው።»

አሰፋች እጇን ከሳሊሀ እጅ አወጣች። ጣቶቿን እያፍተለተለች ወለሉን ታያለች። ሳሊሀ ለቅሶ እየጠበቀች ነበር፤ ለቅሶ መያዝ ታውቅበታለች። የመጣው ግን ለቅሶ አልነበረም።

«ሠርጉ ላይ ጨፍሬያለሁ» አለች አሰፋች።

«አዎ።»

«አየሽኝ።»

«አየሁሽ።»

«ወንድሜ አፈር ገብቶ እኔ ስዘል ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ አጨበጨበልኝ። ያን ጊዜ ሁለቱም ዓይኔ ድኗል ሳሊሀ። ለምን አልነገራችሁኝም?»

እዚህ ላይ ሳሊሀ ሽማግሌዎቹ ብለው ነው ማለት ትችል ነበር። ጾሙ ነው፣ ሐኪሙ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ሁሉም በየተራው ግማሽ እውነት ነው። አላለችም።

«መጀመሪያ ለዓይንሽ ብለን ነበር» አለች። «ኋላ ግን እኔ ነኝ። ከሠርጉ በኋላ ይነገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቴ ሐዘን ተቀምጣ እኔ ግቢ ውስጥ ከበሮ አይመታም። ልጄ ያለ ከበሮ እንዳትዳር ብዬ ነው። አንቺ ጨፍሪልኝ ብዬ አልነበረም፤ ግን ስትጨፍሪም ዝም አልኩ።»

አሰፋች ተነሳች። ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ አወረደች፣ ዘቅዝቃ ለበሰችው።

«ሂጂ ሰው ጥሪልኝ» አለች። «ለወንድሜ ላልቅስለት። አንቺ ግን ድንኳኑ ውስጥ እንዳላይሽ።»

ሳሊሀ ወጣች። ደጃፉን ሳትሻገር ጩኸቱን ሰማች። ተመልሳ እጆቿን ልትይዛት ፈለገች፣ የአሰፋች ቃል ግን አገዳት። ከየቤቱ ሴቶች ሮጠው ወጡ፣ ጋሽ ጎይቶም ሰው ይዘው ደረሱ። ሌሎች ያዟት፣ ሌሎች ደገፏት፣ ሌሎች ውሃ አጠጧት። ሳሊሀ አዳራሹን ከፍታ ድንኳኑን አስወጣች።

ለቅሶው እስከ ሰልስት ድረስ ሳሊሀ ድንኳኑ ውስጥ አልገባችም። ከኋላ ድስቶቹ ዘንድ ሆና አወጣች፣ አስገባች፣ አጠበች፣ ለሚመጣው ሁሉ ሳህን አቀረበች። ሰው አየ፣ ጠየቀ፣ ነገሩ ታወቀ። አንዳንዱ ሳሊሀን ወቀሰ፤ አብሮ የደበቀው ሁሉ ማለት ነው። ሁዳም መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ምንም አላስተማረችም፣ እንደ ሰው አለቀሰች። ስትወጣ ወደ ድስቶቹ መጥታ፣ «እንዴት ነዎት እትዬ ሳሊሀ?» አለች። ሳሊሀ፣ «እንቅልፍ ወስዶኛል» አለቻት። «ይህን ማለት ያሳፍራል፤ ግን ወስዶኛል።»

ድንኳኑ በፈረሰ ማግሥት ሳሊሀ ግቢው ውስጥ የመጨረሻዎቹን ድስቶች በአመድ ስትፈትግ አሰፋች ከቤቷ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ሳሊሀ ፊት ቆመች።

«ስልክሽን አምጪ» አለች። «ለዚያ ለቀበረው ልጅ ደውዪልኝ። ድምፁን ክፈችው።»

ሳሊሀ እጇን ጠርጋ ደወለች። ዑዘይር አነሳ።

«የመርሻ እህት ነኝ» አለች አሰፋች።

«ዛሬ ነው እንዴ የደወሉት?» አለ ዑዘይር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐቁን ልንገርዎት፣ ተቀይሜዎታለሁ። ታሞ እርስዎን ነበር የሚጠራው። እኔ ልብሱን ሰብስቤ፣ እህቱ ትደውላለች፣ የት ቀበራችሁት ብላ ትጠይቀኛለች እያልኩ ጠበቅሁ። ሰው ለገዛ ወንድሙ እንዲህ ይጨክናል ወይ አልኩ።»

አሰፋች ስልኩን ወደ ሳሊሀ ዘረጋችላት።

«ንገሪው» አለቻት።

ሳሊሀ አመድ በነካው እጇ ስልኩን ተቀበለች። «ሳሊሀ ነኝ ልጄ፣ ያን ጊዜ የደወልክልኝ» አለች። «አልነገርኳትም። ለልጄ ሠርግ ስል ደበቅኋት። የሰማችው ባለፈው እሁድ ነው። እሷ አልጨከነችም። እኔ ነኝ።»

ዑዘይር በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ። ከዚያ፣ «ስጪያት እስቲ» አለ።

አሰፋች የተደፋ ድስት ላይ ተቀምጣ ስልኩን ሁለት እጆቿ መሃል ያዘች። ዑዘይር ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር፤ ትኩሳቱ የጀመረው መንገድ ላይ እንደነበር፣ ማን ሐኪም ቤት እንዳደረሰው፣ ውሃ ውሃ ይል እንደነበር፣ ቄስ ከየት እንዳመጡለት፣ የተቀበረበት ቦታ ማንጎ ዛፍ እንዳለው። አሰፋች እህ፣ እህ ትላለች። እንባዋ ጉንጯን አልፎ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

ሳሊሀ ብቻቸውን ልተዋቸው ብላ ብድግ አለች። አሰፋች ቀና ሳትል የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

«የት ትሄጃለሽ?» አለች። «ቁጭ ብለሽ ስሚ።»

ሳሊሀ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ዑዘይር የሚለውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።